መዘውሩና የደከማት አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት በጋ፣ የአያ አንበሶን የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣው አሮጌ የውሃ ሞተር ቀጥ አለ። ሽቦ ተበጥሷል፤ ሽቦው ያለው ከከባዱ መዘውር ስር ነው፤ መዘውሩ ደግሞ ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። እስኪነቀል ድረስ ውሃውን ከወንዝ የምታመላልሰው አህያ ነበረች። ጀርባዋ ተልጧል። ዛሬ ካልተነቀለ ነገ የምትነሳ አልመሰላትም።

አያ አንበሶ «መዘውሩን ለነቀለ የበግ ታፋ እሰጣለሁ» ብሎ ጥላ ስር ጋደም አለ።

ታፋ ሲባል የጅብ ለሃጩ ተዝረከረከ። «ማንም እንዳይጠጋ! ብቻዬን እነቅላለሁ፣ ብቻዬን እበላለሁ!» መዘውሩን ዘንጉ ላይ የሚያስረውን ዳዶ ፈትቶ ወዲያ ወረወረና መዘውሩን ታቅፎ ይጎትት ጀመር። ጎተተ፣ አቃሰተ፣ ፈሱ አመለጠው። መዘውሩ ወይ ፍንክች!

አህያ ጀሪካኖቿን እንደተሸከመች ራቅ ብላ ወደተቀመጠችው ቀበሮ ጠጋ አለች። «እመት ቀበሮ፣ አንቺ ዘዴውን ታውቂው የለ? ለምን አትነግሪውም?»

«ነግሬው ታፋውን ለሁለት ልካፈል? ቆይ፣ ትንሽ ይልፋ።»

ጅብ ትልቁን መዶሻ አነሳ። አህያ ክው አለች። መዘውሩ ከተሰነጠቀ ሞተሩም አለቀለት፣ እሷም አለቀላት። ከጅብ ፊት መቆም ደግሞ ያው ሞት ነው። ቢሆንም አንድ እርምጃ ጠጋ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ ባክህ አትምታው፣ ይሰነጠቃል!» አለች።

«እንዴ! ሥጋም ማውራት ጀመረ? ዝም በይ፣ ከታፋው ቀጥሎ ተራሽ ነው!» አለና ባለ በሌለ ኃይሉ አሳረፈው። መዶሻው ነጥሮ የገዛ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ኡኡ! እግሬን!» እያለ እያነከሰ ወደ ጫካ ሄደ።

አህያ ወደ ቀበሮ ዞረች። «ታፋው ላንቺ ይሁን፣ እኔ ሥጋ አልበላም። ምን ላድርግ? ብቻ ንገሪኝ።»

ቀበሮ ዘላ ተነሳች። ዳዶውን ፈልጋ ዘንጉ ጫፍ ላይ ላላ አድርጋ መለሰችው። «ሲላቀቅ ዘሎ እንዳይመታን ነው» አለች። ከመዘውሩ ጀርባ ረጅሙን የብረት መፈንቀያ፣ ዲጂኖውን፣ ሻጠች። «በይ፣ እዚህ ላይ ተደገፊ። እንዳትገፊ፣ እንዳትራገጪ፤ መደገፍ ብቻ።»

መደገፍ ብቻ? አህያ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ይኼንኑ ነው። ድካሟን ከነጀሪካኑ ብረቱ ላይ ጣለችው። ቀበሮ በትንሽ መዶሻ ዳዶውን ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችው።

ቷ! መዘውሩ ተላቀቀ።

ቀበሮ ሽቦውን ቀጥላ፣ መዘውሩን ቦታው መልሳ፣ ከተኛው አያ አንበሶ ጎን የነበረውን ታፋዋን ነክሳ ተሰወረች። ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር አያ አንበሶ ከእንቅልፉ ነቃ። «ጎሽ! በይ አንቺ፣ ለማንኛውም አንዴ ወንዝ ደርሰሽ ነይ።»

«አልሄድም ጌታዬ» አለች አህያ። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። «ውሃው በቱቦ እየመጣ ነው። እኔ ልተኛ ነው።» ጀሪካኖቹን አራገፈችና መልሱን ሳትጠብቅ ቦዩ ዳር ጋደም አለች።

ከዚህ የምንማረው ጉልበተኛ ብቻውን ደብድቦ ያቃተውን ነገር፣ የፈራና የደከመም ቢሆን አፉን ከፍቶ ከሌላው ጋር ከተጋገዘ እንደሚያላቅቀው ነው።