የተወቀጠው ጌሾ

በአንድ ወቅት ሞሰብ በመስፋት የታወቀች ትርንጎ የምትባል ሴት ታመመች። ሐኪሙ ለእሷ ሳይሆን ለባሏ ለደባልቄ የጡት ካንሰር መሆኑን፣ ከታከመች ግን ልትድን እንደምትችል ነገረው። ደባልቄ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለእሷ «ብርድ ነው» ብሎ፣ ጓሮ ዞሮ ለተዝካሯ ጌሾ አስወቀጠ።

ወንድሟ ምናሴ ሐኪሙን ራሱን ጠይቆ መጣ። ዘመድ ሁሉ «ዝም በል» ቢለውም ፊቷ ተቀምጦ፣ «እትዬ፣ ካንሰር ነው። ሕክምና አለው» አላት። እሷም የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስፌቷን አልነካችም፤ ልብሷን ለጎረቤት ታድል ጀመር።

ታናሽ እህቷን ማንጠግቦሽን የልብሱ ነገር አላማራትም። «ራስሽን ልታጠፊ ነው?» አለቻት።

«አዎ።»

ማንጠግቦሽ አልጮኸችም። ልጆቿን ለባሏ ትታ እህቷ ዘንድ ልታድር መጣች። ሲተኙ የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ከጫፍ ትቋጥራለች፤ አንዷ ከተነሳች ሌላዋም ትነቃለች።

«ትደክሚያለሽ እኮ።»

«ስደክም ምናሴ ይተካኛል።»

ትርንጎ በሕይወት ቆየች። ሐኪም ቤት ግን አልሄድም አለች።

አንጓች ጎረቤቷም ጠላቷም ነበረች፤ ደባልቄ ትርንጎን ካገባ ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ለተኛችው ትርንጎ በመስኮቱ በኩል፣ «አንቺ፣ የተዝካርሽ ጌሾ ተወቅጦ አልቋል። ጠላውን የምጠምቀው እኔ ነኝ። ከዚያ በሞሰብሽ እበላለሁ፤ ቶሎ በይልኝ» አለቻት።

ትርንጎ ከአልጋዋ ወረደች። «ምናሴ፣ መኪና ፈልግልኝ። ይቺ ሴት ጠላዬን አትጠምቅም።»

ጡቷ ተቆረጠ፤ ጸጉሯ ረገፈ። መድኃኒቱ ሲያቃጥላት የአንጓችን ስም እየጠራች ቻለችው። ድና ስትመለስ ባሏን፣ «ጌሾው የታል?» አለችው። ደባልቄ ራሱ ጠመቀ፤ አገር ተጠርቶ ራሱ እየዞረ ቀዳ። ሰዉ «እሜቴ ደባልቄ፣ ድገሚን እንጂ» እያለ ሳቀበት። ትርንጎ አልሳቀችም። ጠላው ሲያልቅ በሩን አሳየችው።

ከዚያ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ሞሰብ ሰፋች። «ሕይወቴን ላተረፈልኝ ሰው ነው» አለች።

ምናሴ፣ «እኔ ባልነግራት በብርድ መድኃኒት ትሞት ነበር» አለ።

ማንጠግቦሽ፣ «አንተማ በነገርካት ልትሞት ነበር። የያዝኳት እኔ ነኝ» አለች።

አንጓችም ሳትጠራ መጣች። «እኔ እንድትሞት ነው የተናገርኩት፤ አልዋሽም። ግን ሁለታችሁም ያላስነሳችኋትን ያስነሳኋት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ሞሰቡን መሃል አስቀምጣ ሦስቱንም አየቻቸው። አንጓችን ረዘም አድርጋ አየቻት።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ሞሰቡ የሚገባው ለማን ነው?