የሚጣን ስም ማን ያውጣ?

ሰውን ከሞት ያወጣው የትኛው ነው፤ ያየው፣ የሰማው፣ ወይስ የወሰነው? ያምሮት ይህን ጥያቄ ልጇን እያጠባች ታስበዋለች፣ ሽንት ጨርቅ እያሰጣች ታስበዋለች፤ እስካሁን መልስ አላገኘችለትም። ክርስትናው ደግሞ ደርሷል።

ብዙም ባልራቀ ወቅት ቡሬ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ አቶ ሞትባይኖር የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው አበጀ የያምሮት ባል ነው፤ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይሰፋል፣ ከዓይኑ ምንም አያመልጥም። ሁለተኛዋ ውድነሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሌላው ያልሰማውን ትሰማለች። ታናሹ ልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ አንዴ ካለ አለ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መቀሱ ከአባትየው ቀኝ እጅ ወደቀ። አነሱት፤ ደግሞ ወደቀ። አበጀ ቀና ብሎ ሲያያቸው አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ሊናገሩ ሲሉም ምላሳቸው ተሳሰረ። ጎረቤታቸው እማማ ጥሩዬ ቅቤ ይዘው ደረሱ።

"ምች ነው የመታው። አንገቱን ልሸው፣ ይለቀዋል።"

አበጀ መሃል ገብቶ ቆመ። "እማማ፣ ይተዉት። ሐኪም ሳያየው ማንም አይነካውም።"

ይህን እየተባባሉ የአባትየው አፍ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ንግግራቸውም ተስተካከለ።

"ይኸው ለቀቀኝ። የሰው ሱሪ ጀምሬ የት ነው የምትወስደኝ?"

"ሱሪው ይጠብቃል አባዬ" አለና በባጃጅ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። እዚያ ደም ግፊት ነው ተባለ፣ ክኒን ተሰጣቸው። አበጀ እፎይ ብሎ ወደ ቤት ሊመልሳቸው ተነሳ።

ያን ዕለት ተረኛዋ ውድነሽ ነበረች። "ቆይ እስቲ" ብላ ማዳመጫውን አባቷ አንገት ላይ አደረገች። በቀኝ በኩል ደህና ነው። በግራ በኩል ግን ሹ የሚል ድምፅ አለ፣ በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ እንደሚያልፍ ውሃ። ባልደረቦቿ "ግፊት ነው ተባልሽ እኮ" ሲሏት፣ "ግፊትም ይሁን። አንገቱ በአልትራሳውንድ ሳይታይ ቤት አይገባም" አለች። ሪፈር አጽፋ አዲስ አበባ ይዛቸው ሄደች፤ አበጀም ተከተላቸው።

ታየ። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው የአንገት ደም ስር ውስጡ ስብ ተጋግሮበት ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ያን ቀን ከስቡ ላይ ትንሽ ቁራሽ ተነስታ አንጎል ውስጥ ያለ ቀጭን ስር ዘግታ ኖሯል፤ ደግነቱ ቶሎ ለቀቀች።

"ቀጣይዋ ላትለቅ ትችላለች" አሉ ሐኪሙ። "አንገታቸውን ከፍተን ስሩን እንጥረግ። ግን አልደብቃችሁም፣ እዚያው በቀዶ ጥገናው ላይ ስትሮክ ሊመታቸው ይችላል። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ግን አለ።"

ይሄኔ ያቺን ደፋር ውድነሽን ወኔዋ ከዳት። "በክኒን ይያዝ። ሽባ ሆኖ ቢወጣ እኔ አልችለውም።" አበጀም "እኔን አትጠይቁኝ" ብሎ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አባትየው "እናንተ ያላችሁት ይሁን" ብለው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

ልየው ጭነቱን አራግፎ ከነአቧራው መጣ። ነገሩን ሰማ፣ ሐኪሙን ጠየቀ፣ አባቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"አባዬ፣ ይከፈት። ክፉ ቢመጣ እኔ ነኝ ያልኩት፤ በእኔ ይሁን።"

"አንተ ከመንዳት ሌላ ምን ታውቃለህ?"

"እሱንም ገልብጬ አላውቅም።"

አባትየው ሳቁ፤ እሺ አሉ። ተከፈተ፣ ተጠረገ፣ ተሰፋ። ሲሻላቸው ስፌቱን በመስታወት አይተው "ይሄ ሐኪም እጁ ጥሩ ነው፣ ሱቅ ቢመጣ እቀጥረዋለሁ" አሉ።

ቤት ሲገቡ ያምሮት ወልዳ ቆየቻቸው። በዚያ ቤት ልማድ የመጀመሪያ የልጅ ልጅን ስም የሚያወጣው አያት ነው፤ እስከዚያ ሕፃኗ ሚጣ ትባላለች። ሽማግሌው ግን "ስም ማውጣቱን ሕይወቴን ለመለሰልኝ ልጄ ሰጥቼዋለሁ። እኔ ልጅ ከልጅ አላበላልጥም፤ እናትየዋ ትፍረድ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም።

"እኔ ባላየው ቅቤ ተቀብቶ ይተኛ ነበር" ይላል አበጀ።

"አንተማ ክኒን አሲዘህ ልታስተኛው ነበር" ትላለች ውድነሽ።

"አንቺስ ሰምተሽ ሰምተሽ መጨረሻ ላይ አልፈራሽም?" ይላል ልየው።

"አንተ ደግሞ የተሠራ መንገድ ላይ ነው የመጣኸው" ይሉታል ሁለቱም ባንድ አፍ።

ያምሮት አልጋ ላይ የተኙትን አማቷን ታያለች። የሽማግሌው ሌላኛው የአንገት ስርም መጥበብ ጀምሯል፤ ግፊታቸው ከፍ እንዳይል ተብሏል። ልጆቹ በተጨቃጨቁ ቁጥር ግን ግፊታቸው ይጨምራል። ዝም ብትል ጭቅጭቁ አያቆምም። ለአበጀ ብትፈርድ ለባሏ አደላች ይሏታል። ለውድነሽ ብትፈርድ አበጀ ፊቱን ያዞርባታል። ለልየው እንዳትፈርድ ደግሞ አንድ ነገር ይከነክናታል፦ ሽማግሌው ሐኪሙ የፈሩት ደርሶባቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ አዳኝ የሚሉት ልየው ገዳይ ይባል ነበር። ታዲያ ያዳነው እሱ ነው ወይስ ዕድል? ግን ያንን የገዳይ ስም ሊሸከም የደፈረ ሌላ ማን ነበር?

እናንተ ብትሆኑ ስሙን ለማን ትሰጡ ነበር፤ ላየው፣ ለሰማችው፣ ወይስ ለወሰነው? እስቲ ያምሮትን ምከሯት። ባሏንም እንዳትበድል፣ ለባሏም ብላ እንዳትፈርድ፣ ሽማግሌውም በልጆቻቸው ጠብ እንዳይታመሙባት።