ከምድር ሆድ የወጣችው ልጅ

በአንድ ወቅት፣ የእግዚአብሔር ስም ገና ባልተጠራበት አገር፣ ምድርን እናት ብለው የሚሰግዱላት ሰዎች ነበሩ። ክፉዎች አልነበሩም። ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ሲያማቸው እንደኛው ያቃስታሉ። ብርሃኑ ስላልደረሳቸው ግን እየዳበሱ ይሄዱ ነበር። ዘር አፈር ገብቶ ካልበሰበሰ እንደማይበቅል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እነሱ ሰውም እንደዚያው ነው አሉ። መከራው ከዚህ ጀመረ።

በየዓመቱ የዘር ወቅት ሲደርስ ዕጣ ጥለው አንድ ወጣት ይመርጣሉ። ከመንደሩ በላይ ባለው ዋሻ ደጃፍ ቀይ ወይፈን ያርዱና ደሙን ለምድር ያፈሳሉ። የተመረጠውን በትኩሱ ቆዳ ጠቅልለው፣ ውኃና ቆሎ አስይዘው ያስገቡታል፤ በድንጋይም ይዘጉበታል። ከዚያ ይለቀሳል። የምር ለቅሶ ነው፤ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እናት ፀጉሯን ትላጫለች፣ ልብሱ ለዘመድ ይከፋፈላል፣ ስሙም ከዚያ ወዲያ አይጠራም። በዚያው ቀን በሸክላ የተዘራ ገብስ ሲበቅል ድንጋዩ ይነሳል። አስቀድሞ የተመረጠ አንድ ልጅ አልባ ቤት የወጣውን በእጁ ይዞ ይስበዋል፣ ወተት ያጠጣዋል፣ አዲስ ስም ያወጣለታል። በእጅ፣ በወተት፣ በስም ወለደው ይባላል። የድሮ እናቱ መንገድ ላይ ብታገኘው እንደ ማንም ሰው ሰላም ብላ ታልፋለች እንጂ «ልጄ» አትልም።

አንድ ዓመት ዕጣው ትርንጎ በምትባል ልጃገረድ ላይ ወደቀ። እናቷ አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ከእሷ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ናት። አዳል የሚባል ጎልማሳ ደግሞ ትርንጎን አጭቷት ነበር። «ከአዲሱ ቤቷ ሄጄ እንደገና አጫታለሁ» እያለ ራሱን አጽናና። ዋሻውን በድንጋይ የዘጋባት ዳምጤ ነው፤ አባቱም አያቱም ዋሻውን ሲጠብቁ የኖሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው።

ዋሻው በተዘጋ ማግሥት ዝናቡ መጣ። ማሳው ጠጥቶ ጠገበ፤ ሰው ዘፈነ። ዝናቡ ግን አላቆመም፣ ተራራውም ተናደ፤ ናዳው የዋሻውን አፍ ደፈነው። ትርንጎን ሊወልዱ የተመረጡት ባልና ሚስት «እኛ ሬሳ አንወልድም» ብለው ቤታቸው ገቡ። የመንደሩ ሽማግሌ ዋሴ ማሳውን አዩ፣ ናዳውን አዩና እንዲህ አሉ፦

«ዘንድሮ ምድር የምሯን በላች፤ የበላችበትንም በዝናብ ከፈለች። ካፏ የሚነጥቅ ማነው?»

ማሳው የረጠበለት ሰው መከራከር ይከብደዋል።

መጀመሪያ የተነሳችው አንጓች ናት። ዝናቡ ባባራ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ ናዳው ላይ ወጥታ፣ አፏን በድንጋዮቹ መካከል አስገብታ፣ የተከለከለውን ስም ጠራች።

«ትርንጎ! ትርንጎዬ! እናትሽ ነኝ!»

«አንቺ ሴት፣ ሙት ቀስቅሰሽ ልታስጨርሺን ነው?» አለ ጎረቤቷ ከታች።

«ዝም በል! የጠፋች ፍየልህን ስትጣራ ትውል የለም እንዴ!»

«ለፍየሌ አልተለቀሰላትም!»

«እንግዲያው ልጄ ከፍየልህ ትነስ? ትርንጎ!»

ትርንጎ ውስጥ፣ ቆዳውን ተከናንባ፣ ሞቻለሁ ብላ ተኝታ ነበር። ከሰውነቷ በፊት ልቧ ሞቶ ነበር። ስሟን ስትሰማ ተነሳችና ግድግዳውን በድንጋይ መታች። የተከለከለ ስም የጠራ እሳት አይሰጠውምና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንጓች ፍም የሚያውሳት ጎረቤት ጠፋ።

ዳምጤ ኳኳታውን ሰማ። ከተራራው ጀርባ ወደ ዋሻው የሚወርድ ጠባብ ስንጥቅ አለ። ጠባቂዎች ብቻ ያውቁታል፤ እጃቸውን ላይሰዱበት በአባቶቻቸው አጥንት ይምላሉ። ዳምጤ ላሙን አለበ፣ ወተቱን በቅል ሞላ፣ በጠፍር አስሮ በስንጥቁ አወረደው።

«ማነው?» አለች ከታች።

«የዘጋሁብሽ ነኝ። ጠጪ።»

«ጋሼ ዳምጤ? አሁን ደግሞ ሊጨርሱኝ መጡ?»

«ልጨርስሽ ብፈልግ ላም ማለብ ምን አደከመኝ? ጠጪ እንጂ!»

ጠጣች። በዚያ ወተት ነፍሷ ቆየች። እሱ ግን ነገሩ ሲታወቅ «የአባቶቹን አጥንት ረገጠ» ተብሎ ጠባቂነቱን ተነጠቀ፤ በመንገድ ሲያልፍ ልጆች ሳይቀሩ ይተፉበት ጀመር።

አዳል ዶማውን ይዞ ከናዳው ሥር ገባ። «ይደረመስብሃል!» ሲሉት «እናንተ ማሳችሁን ጠብቁ» አላቸው። ሲቆፍር ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ቀዳዳ ተከፈተና ጭቃ የለበሰ እጅ ብቅ አለ። አዳል ግን እጁን አልዘረጋም። ደርቆ ቆመ። በእጁ ይዞ ካወጣት አባቷ ይሆናላ! አባት ደግሞ ልጁን አያገባም።

«አዳል፣ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ከላይ አፈሩ መንሸራተት ጀመረ። ያዛትና ሳባት። ወዲያው ቀዳዳው ከኋላዋ ተደረመሰ፤ የአዳልም እግር ከድንጋይ ሥር ገብቶ ተሰበረ።

ሕዝቡ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ትርንጎ ብርሃን እንዳይጎዳት ዓይኗን በጨርቅ ታስራ ቆማለች። በእነሱ ሕግ አዲስ ስም ያልወጣለት አፍ የለውምና አትጠየቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአንድ ሰው ልጅ ካልተባለች ደግሞ እንደ ሙት ትቆጠራለች፤ በር የሚከፍትላት የለም።

«እጁንም፣ ወተቱንም፣ ስሙንም አንድ ቤት ነበር የሚያደርገው» አሉ ዋሴ። «ዘንድሮ ለሦስት ሰው ተከፈለ። በሉ ተናገሩ።»

አንጓች «በስሟ ነው የተነሳችው። ስሟ ትርንጎ ነው፣ ልጄ ናት፣ በቃ» አለች።

«በድሮ ስሟ ከተነሳች አልሞተችም» አሉ ሽማግሌው። «ካልሞተች ምድር ድርሻዋን አላገኘችም። ነገ ዝናቡ ቢቀር ሕዝቡ መልሶ ይከታታል። እኔም አላስጥላትም።»

ዳምጤ «ለኔ ስጡኝ» አለ። «በወተቴ እንደገና ተወልዳለች፤ ማንም አይነካትም። አዳልም እኔን ይጠይቀኝ፣ እድርለታለሁ።»

አዳል ከተኛበት ቀና አለ። አንጓች ግን «እኔስ?» ብላ ጮኸች። «በሞግዚትነት እንኳ ቤትህ አስገባኝ!»

«ያጠባ ሰው ሞግዚት አያስገባም። ሰላም ብለሽ ታልፊያለሽ። አንድ መሐላ አፍርሻለሁ፤ ሁለተኛ አላፈርስም።»

«የዘጋባት እጅ አባት ሊሆን! አቤት!»

ይሄኔ አዳል ተናገረ። «በእጅ ለወለደ ወንደላጤ ሞግዚት ይፈቀድለታል። ልጄ ትሁን። እትዬ አንጓች ቤቴ ይግቡ፤ በድሮ ስሟ አይጥሯት እንጂ እስኪሞቱ አብረዋት ይኑሩ።» ይህን ብሎ ፊቱን ወደ መሬት አዞረ። «እኔ ግን አባቷ መሆን አልፈልግም» አለ።

አንጓች አየችው። ዳምጤም አየው። ትርንጎ ዓይኗ እንደታሰረ ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋች፤ ማንም ሊይዛት አልደፈረም።

«እግዚአብሔር ያውቃል» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ። እንደሚያውቅ እኔም አምናለሁ፣ ስለነዚያ ሰዎችም እለምነዋለሁ። እነሱ ግን እሱን የሚጠይቁበት አፍ አልነበራቸውም፤ ፀሐይዋም እየወረደች ነበር። እንግዲህ እናንተ ተከራከሩበት፦ በስሟ የጠራቻት እናት፣ ወተት ያወረደላት ጠባቂ፣ እጇን የያዘው እጮኛ፤ ልጅቱ ለማን ትገባለች?