ሰማያዊው በር የነበረበት ፌርማታ

አንድ ሰው ነበረ። ቁጭ በይ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «አክስቴ፣ በሬ ክፍት ነው፤ አባቴ ለምን ቀረብኝ? ምን አጠፋሁ?» ነው ያልሽው። መልሱ የሚመጣው በዚህ ሰው በኩል ስለሆነ እስክጨርስ አታቋርጪኝ። ሲያቋርጡኝ እንደምናከስ ታውቂያለሽ።

ሰውየው ከገጠር መጥቶ ከተማ የተማረ ነው። እጁ የተባረከ፣ እርሳስ ከያዘ ቤት የሚያቆም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ እንዳትረግሚው ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። እሷ እዚያው ገጠር ቀርታለች። ለመስቀልና ለፋሲካ ቅቤዋን በቅል ይዛ ትመጣለች። መናኸሪያው ወርዳ የከተማውን አውቶቡስ ትይዛለች። ያን ጊዜ ስልክ የሀብታም ዕቃ ነበር። ፊደል አታውቅም። እኔም ያው ነኝ፤ «መ» ላይ ስደርስ ነው የዳሩኝ።

የዚያ ከተማ ፌርማታዎች ባለቤት አልነበራቸውም። የየሰፈሩ ዕድር ሰው በዝናብ እንዳይበሰብስ ብሎ ካገኘው ነገር ያቆማቸዋል። አንዱ ጋ ጣሪያው የጎበጠ ቆርቆሮ ነው። አንዱ ጋ አግዳሚው ተገንድሶ የወደቀ ባሕር ዛፍ ነው። አንዱን ከቤተ ክርስቲያን አጥር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል። በሰውየው ሰፈር ያለው ደግሞ ጀርባው የተሠራው ከወላለቀ የጭነት መኪና በር ነው፤ ሰማያዊ በር። አስቀያሚ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሰዉ ግን የሚወርደው በዚያ ምልክት ነው። «ጎባጣው ጋ ወራጅ አለ!» ይላል። «አረንጓዴው ጋ ወራጅ!» ይላል። ልጁም እናቱን መጀመሪያ ያመጣት ቀን፣ «እማዬ፣ ሰማያዊ በር ስታዪ ውረጂ፤ ቤቴ ከኋላው ባለው ቅያስ ውስጥ ነው» አላት። በዓይኗ ያዘችው።

ከጊዜ በኋላ የከተማው ሹሞች ሰውየውን ጠሩት። «እንግዳ ይመጣብናል፣ እነዚህ ፌርማታዎች አዋረዱን፤ አሳምርልን» አሉት። ደስ አለው። ማን ደስ አይለው? ክረምቱን ሙሉ ሲስል ከረመ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም መስታወት፣ ሁሉም እኩል፤ እንደ ሙሽራ ጥርስ። ከፊታቸው ረጅም ብረት፣ ብረቱ ላይ ታፔላ፣ ታፔላው ላይ የሰፈሩ ስም ባማረ ጽሕፈት።

ሰዉን ሰብስቦ ሥዕሉን ሲያሳይ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ «መልካም ነው ልጄ። ፊደል ያልቆጠረውስ መውረጃውን በምን ያውቃል?» አሉት።

«አባባ፣ አፍ አለው አይደል? ይጠይቃል» አለ።

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌውም አብረው ስቀው ተቀመጡ።

እናቱን ረስቷት አይምሰልሽ። ሥራው ሲያልቅ ሊያያት ሊሄድ ያስብ ነበር። በሷ ዓይን ግን ያን መንገድ አንድ ቀን እንኳ አላየውም።

በመስከረም አሮጌዎቹ ተነቅለው ነጮቹ ቆሙ። ከተማው አማረበት። ልጃገረዱ ሁሉ በመስታወቱ ፀጉሩን ያይበት ጀመር።

ለመስቀል እናቲቱ መጣች።

መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን ውጭ ተከለች። ነጭ ነገር አየች፤ አለፈ። ሌላ ነጭ፤ እሱም አለፈ። ጎባጣው የለም። አረንጓዴው የለም። ደግሞ ነጭ። አውቶቡሱ መጨረሻው ደርሶ ሁሉም ሲወርድ እሷ ቅሏን አቅፋ ቀረች።

«እማማ፣ መጨረሻው ነው እኮ፤ አይወርዱም?» አላት ትኬት ቆራጩ።

«አየሁት። የመመለሻ ቁረጥልኝ።»

ሲመለሱም ያው ነው። አውቶቡሱ እንደገና ይዟት ሲሄድ ትኬት ቆራጩ ሳቅ አለና፣ «እማማ፣ ከተማውን ሊገዙት ነው እንዴ?» አላት። ተሳፋሪው አውካካ።

«ገና እያየሁት ነው፤ አልወደድኩትም» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ግን አዘነችላት። ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ የማንን ቤት ነው የሚፈልጉት? ስሙን ይንገሩኝ፣ እኔ ላስጠይቅልዎ» አለቻት።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ። ስሙን ብትጠራ ግማሹ አውቶቡስ ያውቀዋል፤ ፌርማታውን ያሳመረ ተብሎ ስሙ ገንኗል። እጇን ይዘው ያደርሷት ነበር። አፍም አላት፤ ከኔ አፍ የማይተናነስ። ግን እናት በሰው ፊት የልጇን ቤት ስትጠይቅ ምን ይባላል? «እናቱን የማይቀበል፣ ቤቱን የደበቃት» ይባላል። እሷም በልቧ፣ ሳይነግረኝ ቤት ለውጦ ይሆናል፣ አፍሮብኝ ይሆናል ብላለች። ቢያፍርባትስ? ያን ለባዕድ ሰጥታ ልጇን ልታሳማው ነው?

«የምፈልገው ሰው የለም፤ ለሽርሽር ነው የወጣሁት» አለቻት።

መናኸሪያው ተመልሳ ወረደች። ቅቤውን ይዛ ቀዬዋ ብትገባ አገር ያያታል። መናኸሪያው በር ላይ ልጅ ታቅፋ ለምትለምን ሴት ከነቅሉ ሰጠቻትና የማታውን መኪና ተሳፈረች። ቀዬዋ ስትገባ ጎረቤቷ፣ «ልጅሽ እንዴት ከረመ?» አለቻት።

«ወፍሯል። ቅቤውን በጣቱ እየላሰ ሊጨርሰው ነው» አለች።

ሰውየውስ? ጠበቀ። ከሥራ ሲመለስ ነጩ ፌርማታ ጋ ቆም እያለ ወራጁን ያያል። መስቀል አለፈ። ፋሲካም አለፈ። ከዚያ ተቀየመ። «እኔ እዚሁ ነኝ። መንገዱን ታውቀዋለች። ልትመጣ ካልፈለገች ምን ላድርግ?» አለ። ሲብስበትም፣ እሷ ሳትመጣ ላልሄድ ብሎ ማለ። እሷ ልጄ ይጠራኛል ብላ ትጠብቃለች፤ እሱ እናቴ ትመጣለች ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ ሆነው ሐምሌ ገባ።

በሐምሌ መርዶ ነገሩት።

ሲደርስ ተቀብራለች። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው መሐል አስቀመጡት። ያቺ ጎረቤቷ መጥታ አንገቱን አቅፋ አለቀሰችና፣ «ተጽናና ልጄ። አንተስ የታደልክ ነህ፤ በዓይኗ አይታህ ነው የሄደችው። ለመስቀል ያን ቅቤ በጣትህ እየላስክ ስትበላላት፣ እሱን አውርታ አትጠግብም ነበር» አለችው።

ሰውየው ቀና አለ። ለመስቀል? ነጮቹ የቆሙ ሰሞን ነው። ያ ሰማያዊ በር፣ ሲነቅሉት ቆሞ ያየው በር፣ ዓይኑ ላይ መጣበት። ከዚያ ወዲያ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

ምን ይበል? «አልመጣችም» ቢል እናቱን አፈር ከለበሰች በኋላ ውሸታም ሊያደርጋት ነው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አፉን ያየዋል።

«አዎ» አለ። «ይጣፍጥ ነበር።»

«እሰይ! እንኳን በላህላት!» አሉት።

ያ ሰው ብዙ ዘመን ኖረ። ተዝካሯን ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ቅቤውን ያነሡለታል፤ እሱም ያልበላውን እያመሰገነ ይመለሳል።

እንግዲህ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። «በሬ ክፍት ነው» ትያለሽ። የቱ በር? የድሮው በርሽ እንጨት ነበር፤ አባትሽ በክርኑ ገፍቶት፣ ገና ግቢው ውስጥ ሳለ ስምሽን እየጠራ ይገባ ነበር። እሱን አንሥተሽ ብረት አስገጠምሽ፤ ደወል አስገባሽ፤ «ማን ልበል?» የሚል ዘበኛ አቆምሽ። ያምራል፤ አላማሁትም። ለፍተሽ ነው ያቆምሽው። ግን አባት በልጁ ደጅ ቆሞ «ማን ልበል?» ሲባል ምን ይመልስ? «አባቷ ነኝ» ቢል፣ አባቷ እንዳለም አልነገረችህም ወይ ማለቱ አይደል? ባዳ ፊት አንቺን ከሚያሳጣ፣ «ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ ይመለሳል።

እንደዚያ አፍጥጠሽ አትዪኝ። መጥቶ ነበር ወይ ብለሽም አትጠይቂኝ፤ ላልናገር አስምሎኛል፤ እኔ ደግሞ በዋዛ አልምልም፣ ከማልኩ አላፈርስም። የነገርኩሽ ስለ አንድ ፌርማታ ሠሪ ነው።

የሱ እናት ሞታለች። ያንቺ አባት ግን ከዚህ ሁለት አጥር ወዲያ ተቀምጧል። አንቺም እኔ ዘንድ ስትመጪ ደጁን አልፈሽ ነው የመጣሽው፤ አይተሽዋል፤ ኩርፊያሽ አላስገባሽም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ስለ አንቺ ጠየቁት። «ደህና ናት፤ በቀደም ዶሮ ሠርታ አበላችኝ» አላቸው።

ሂጂ። ስትደርሺ፣ ለምን ቀረህ እንዳትዪው።