ሽኮኮ በምርጫው ክርክር ላይ የጠየቀችው

እስቲ ጠጋ በሉና የአንዲት ሽኮኮን ነገር ላጫውታችሁ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ኩሬ በሚጠጡበት አገር፣ አባ ዝሆን የሚባሉ ሹም ነበሩ። ኩሬው በየዓመቱ ደለል ይሞላዋል። ደለሉን የሚቆፍረው አያ ጃርት ነው። እሱን ለመቀለብ ተብሎ እያንዳንዱ ቤት በዓመት አስር ቁና እህል ለአባ ዝሆን ይገብራል። ግብሩ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም፤ ኩሬው ግን እየጠበበ ሄደ። አምና በበጋ የድኩላ ግልገል ውሃ ልትጠጣ ገብታ ጭቃው ውስጥ ሰምጣ ቀረች።

አባ ዝሆን አረጁና «ከእንግዲህ ሌላ ምረጡ» አሉ። አያ ከርከሮና እመት ጉሬዛ ለውድድር ቀረቡ። እንስሳቱም ክርክሩን ለመስማት ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ።

አያ ከርከሮ ቀድሞ ተነሳ። «እኔን ከመረጣችሁ ግብር የሚባል ነገር የለም። አስሩም ቁና እቤታችሁ ይቀራል» አለ። እልልታው ቀለጠ።

እልልታው ጋብ ሲል ከአንድ ድንጋይ ላይ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ልጇ የሰመጠችባት የድኩላዋ ጎረቤት ሽኮኮ ነበረች። በጉባኤ ፊት ተናግራ አታውቅም።

«አያ ከርከሮ፣ ታዲያ ኩሬውን ማን ይጠርገዋል?»

«ሁሉም ሲጠግብ በፈቃዱ ይቆፍራል።»

«እርስዎ አምና ጠግበው ነበር?»

«ተመስገን፣ ጠግቤ ነበር።»

«ቆፍረው ነበር?»

ከርከሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተቀመጠ።

እመት ጉሬዛ ተነሳች። «እኔ ግብሩን ሃያ ቁና አደርገዋለሁ። አስሩ ያልበቃውን ኩሬ ሃያው ይበቃዋል» አለች። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ።

«እመት ጉሬዛ፣ አስሩ ምን ላይ ዋለ?» አለች ሽኮኮ።

«ለኩሬው ነዋ።»

«ሲውል አይተዋል?»

«አላየሁም። ሲባል ነው የሰማሁት።»

ጉባኤው ሳቀ። ሽኮኮ አልሳቀችም። ከድንጋዩ ወርዳ በሕዝቡ መሃል አቋርጣ ከኋላ ወደተቀመጠው ጃርት ሄደች።

«አያ ጃርት፣ ለመሆኑ ከየቤቱ ስንት ቁና ቢደርስዎ ኩሬውን ጥርግ ያደርጉታል?»

ጃርት ግራ ገባው። «ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለ። «እኔና ልጆቼ ከየቤቱ ሦስት ቁና ብናገኝ እስከ አለቱ ድረስ እንቆፍረዋለን። የሚደርሰን ግን አንድ ነው። በአንድ ቁና ጉልበታችን የሚችለው ዳር ዳሩን ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ አባ ዝሆን ዞሩ። አባ ዝሆን ጆሯቸውን አርገበገቡ።

«ዘጠኙ ለእንግዳ መቀበያ ነው» አሉ።

«እንግዶቹ እነማን ናቸው?» አለች፤ አሁን የጠየቀችው ልጇ የሞተችባት ድኩላ ነበረች።

«ዘመዶቼ ናቸው» አሉ አባ ዝሆን፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ።

እመት ጉሬዛ እንደገና ተነሳች። «ቅድም ያልኩትን ትቼዋለሁ። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ሦስት ቁና ይበቃል፤ እሱም እዚሁ ሁላችሁ እያያችሁ ተሰፍሮ በቀጥታ ለጃርት ይሰጥ።»

ከርከሮ ግን «እኔ ከቃሌ አልወርድም፣ ምንም አትክፈሉ» ብሎ ድርቅ አለ።

ድምፅ ተሰጠ። ጉሬዛ በጥቂት ድምፅ አለፈች። ከርከሮም እያጉረመረመ ሦስት ቁናውን አምጥቶ አሰፈረ። ጃርትና ልጆቹ ወር ሙሉ ቆፍረው አለቱ ላይ ደረሱ። ክረምቱ ገባ፣ ኩሬው ሞላ። በጋው አጋማሽ ላይ እንኳ ውሃው አልጎደለም። ድኩላዋ ከዳር ቆማ ጠጣች፤ ከጠጣችም በኋላ ውሃውን እያየች ብዙ ቆየች።

እንግዲህ ግብር ይጨመር ወይም ይቀነስ ሲሏችሁ፣ እሺም እምቢም ከማለታችሁ በፊት ሥራውን የሚሠራውን፣ ምን እንደሚደርሰው ራሱን ጠይቁት። የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ የቀረውን እናንተ ተጫወቱበት።