ቆይ የተባለው ካራ

ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰጣችሁኝ? እንግዲያው እስክጨርስ አትንጠቁኝ።

እንስሳት እንደ እኛ በሚያወሩበት፣ ብረትም ምላስ በነበረው ዘመን አንድ ዝንጀሮ ነበረ። ዝንጀሮው ቁጡ ነበረ። ሲቆጣ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ጠባዩን የምትችለው ወዳጁ እመት ጦጢት ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ዝንጀሮ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ አያ ጃርት ሄደና «አያ ጃርት፣ ለማንም ሠርተህ የማታውቀውን ካራ ሥራልኝ» አለው።

አያ ጃርት ሰባት ቀን ወናፉን ነፋ፣ ሰባት ቀን ብረቱን ቀጠቀጠ። እጀታውን ከወይራ፣ አፎቱን ከቀርከሃ አበጀለትና «ስሙ ቆይ ነው» ብሎ ሰጠው።

«ቆይ? ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው? ለእንዲህ ያለ ስለት መብረቅ ነበር የሚያምርበት!»

«መብረቁስ አንተው ነህ» አለ አያ ጃርት። «ካራውን ከመምዘዝህ በፊት ስሙን ጥራ። ካራውን የምትጠራ ይመስልሃል፤ የምትጠራው ግን ራስህን ነው።»

ዝንጀሮ እሺ አለ።

አንድ ቀን መንገድ የዘጋ ቅርንጫፍ አናደደው። «ቆይ!» አለ። ቆም ብሎ ሲያይ ዋኔ ቅርንጫፉ ላይ ጫጩቶቿን አቅፋለች። ዞሮ አለፈ።

ሌላ ቀን ጅብ ምንጭ ዳር ገፈተረው። «ቆይ!» አለ። ቆም ብሎ ሲያይ ጅብ ዓይኑን ታሞ ይደናበራል። እየመራ ውሃ አጠጣው።

የካራው ወሬ አገር አዳረሰ። እንስሳቱ ሊያዩት ይጎርፉ ጀመር።

«አቤት ሲያብረቀርቅ! እስቲ ምዘዘው!» ይላሉ።

ይመዘዋል።

«እንደገና! ፈጠን አድርገህ!»

በፈጠነ ቁጥር ያጨበጭቡለታል። ስሙን መጥራት ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ ተወው።

«ስሜስ?» አለ ካራው።

«ዝም በል፣ እንግዳ እያየን ነው!» አለው ዝንጀሮ።

የማር ወራት ደረሰ። ዝንጀሮና ጦጢት ወደ ገደል ሄዱ። ገመዱን ከዛፍ አሰሩ፤ እሷ ቅሏን ይዛ ወረደች፣ እሱ ከላይ ቆመ።

«ገመዱን አደራ» አለችው ስትወርድ።

ቆየች። በጣም ቆየች። ዝንጀሮ ጆሮውን ቢጥል ከታች የማላመጥ ድምፅ ሰማ።

«ጦጢት! ምን እያደረግሽ ነው?»

መልስ የለም።

«ጦጢት!»

አሁንም መልስ የለም። ማላመጥ ብቻ።

«ማሬን እየጨረሰችብኝ ነው!» አለና ደሙ ፈላ። እጁ ወደ አፎቱ ሄደ።

«ስሜን ጥራ!» አለ ካራው።

«አያ ዝንጀሮ፣ ጎትተህ ጠይቃት እንጂ አትቁረጠኝ!» አለ ገመዱ።

ዝንጀሮ አንዴ መዘዘ፣ አንዴ ቆረጠ።

ጩኸቷን ሰማ። ከዚያ ገደሉ ጭር አለ።

እየተንሸራተተ፣ እየወደቀ፣ እየተነሳ ወረደ። ጦጢት ቁጥቋጦ ላይ ወድቃለች፤ አንድ ክንዷ ተሰብሯል። በደህናው ክንዷ ማር የሞላውን ቅል እንዳቀፈች ናት። የቅሉ አፍ በታኘከ ሰም ተደፍኗል።

«እንዳይፈስብህ ሰሙን እያላመጥኩ ነበር» አለችው። «አፌ ሞልቶ መመለስ አቃተኝ። ያንተን ድርሻ ነበር ያስቀደምኩት።»

«ምነው እጄ በደረቀ!» እያለ አለቀሰ።

ክንዷን በልጥ አሰረላት። አዝሎ እቤቷ አደረሳት። ውሃ ቀዳላት፣ ፍሬ ለቀመላት። ክንዷም በጊዜው ዳነ።

የማር ወራት ዳግም ሲመጣ፣ ደጇ ቆሞ «እንሂድ ወይ?» አላት እየፈራ።

ጦጢት መሬት መሬት አየች።

«ቂም አልያዝኩብህም፣ አያ ዝንጀሮ። ና ግባ፣ ያለውን እንቅመስ። ገመዴን ግን ሁለተኛ አላስጠብቅህም።»

ገባ፣ ተቀመጠ፣ ያቀረበችለትን በላ። አልጣመውም።

ልጆቼ፣ የተቆረጠ ገመድ ይቀጠላል፤ ቋጠሮው ግን እጅ በዳሰሰው ቁጥር ይሻክራል።