የባላምባራስ እምነት በጣርማበር ቁልቁለት

ባላምባራስ ይርዳው በገዙት አሮጌ የናፍጣ አውቶብስ ሰው ያመላልሱ ነበር። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ እሳቸው ግን ለጥገና አምስት ሳንቲም አያወጡም።

አንድ ቀን ሾፌሩ ጣርማበር አፋፍ ላይ አቆመና፣ «ፍሬኑ አልቋል፤ መካኒክም አይቶ ዋጋውን ነግሮኛል፤ ሳይጠገን ቁልቁለቱን አልወርድም» አለ።

በቤት መኪናቸው ከኋላ ይከተሉ የነበሩት ባላምባራስ ወርደው በተሳፋሪው ፊት አፋጠጡት። «የሚጠብቀን እግዚአብሔር ነው ወይስ ፍሬን? እምነት ከሌለህ እዚሁ ተናገር።»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ የእኔ እምነት ለሜዳ መንገድ ብቻ የምትበቃ ናት፤ የእርስዎ ግን ትልቅ ነው። እባክዎ ከፊት ይቀመጡልንና በእርስዎ እምነት እንውረድ።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ባላምባራስ ገደሉን አየት አድርገው፣ «መካኒኩ ስንት ነው ያለው?» አሉ።